የሰፈር ግሩፕ አድሚኖች፣ ያልተጣራ የሌሊት ወሬ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?

ደቻቱ ዳር (ክሩን የከፈተው)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ሰፈር የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ነኝ። አባላቱን እንዳላጋልጥ ሰፈሩን አልጠራም። ግሩፑ የተከፈተው ውሃ የሚለቀቅበትን ቀን ለመነጋገር ነበር። አሁን አምስት ሺህ ሰው ሊሞላው ምንም አልቀረው። የሚከራይ ቤት፣ የጠፋ ልጅ፣ የመብራት ጉዳይ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የሰፈሩ ኑሮ ሁሉ እዚያ ነው።

ስድብ ብዙም አያስቸግረኝም። ስድብ መሆኑን ተሳዳቢውም ያውቀዋል፤ አጠፋዋለሁ፣ ነገሩ ያበቃል። እንቅልፍ የሚነሳኝ እውነት ይሁን ውሸት የማላውቀው፣ እውነት ከሆነ ግን የሰው ነፍስ የሚያተርፍ መልእክት ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት፣ ሰባት ሰዓት አልፎ፣ "ጎርፍ እየመጣ ነው፣ ደቻቱ አካባቢ ያላችሁ ውጡ" የሚል ገባ። እኛ ጋ ጠብታ አልወረደም፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከቡ ይቆጠራል። ሌላ ከተማ ቢሆን ይሄ ብቻ ወሬውን ውሸት ለማለት ይበቃ ነበር። እኛ ግን የደቻቱን ወንዝ እናውቀዋለን። ድሬ ላይ ሳይዘንብም ይሞላል፤ ውሃው የሚወርደው ከደጋው ነው። በ1998 ሐምሌ ማብቂያ ላይ ሰው በተኛበት መጥቶ ከ250 በላይ ነፍስ ወስዷል።

ብዙም ሳይቆይ ተከታዮቹ መጡ። "ግንቡ ተናደ"፣ "ድልድዩ ላይ ሰው ተወሰደ"፣ "ጩኸት ይሰማል"። ሁሉም ፎርዋርድ ነው፤ አንዱም "እኔ አየሁ" አይልም። መሀል ላይ አንዲት እናት ቮይስ ላከች። ልጆቿን ይዛ ወጥታለች፣ በየት በኩል ትሂድ? ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ከኋላ ትንሹ ልጅ አንድ እግር ጫማው ጠፍቶበት ሲያለቅስ ይሰማል።

በዚያች ሰዓት ማጥፋት አለ፣ መተው አለ፣ ግሩፑን መዝጋት አለ። አጥፍተኸው እውነት ቢሆንስ? ትተኸው በድንጋጤ የወጣ ሰው ጨለማ ውስጥ አንድ ነገር ቢሆንስ? ብትዘጋው ያቺ ሴት ማንን ትጠይቅ? እኔ መጀመሪያ የጻፈውን ልጅ "የት ሆነህ ነው? በዓይንህ ምን እያየህ ነው?" አልኩት። ቤቱ ነው ያለው፤ የአክስቱ ልጅ ደውሎለት ነው። ቀጥዬ ድልድዩ አጠገብ ፎቅ ላይ የሚኖር አባል በመስኮት እንዲያይልን ለመንኩት። አየ፣ ቀርጾ ላከ። ውሃ አለ፤ ግን አሸዋውን ከማራስ ብዙም አላለፈም። ቪዲዮውን ሰዓቱን ጽፌ ፒን አደረግኩት፣ ፎርዋርዶቹን አነሳሁ፣ የመጀመሪያውን መልእክት ግን እዚያው ተውኩት።

ሌሊቱ በሰላም ነጋ። ጥያቄዬ ለሚቀጥለው ክረምት ነው። በሚቀጥለው ፎቅ ላይ ያለው ልጅ ተኝቶ ቢሆንስ? እናንተ ምን ሥርዓት አላችሁ?


ሹምንደፈር፦

ልጄ፣ የት ሆነህ ነው ማለትህ ደግ አድርገሃል። እኔ ጡረታ የወጣሁ የባቡር ሠራተኛ ነኝ። በ98ቱ ጎርፍ ስልክ እንደ ዛሬው በየኪሱ አልነበረም። ሰውን የቀሰቀሰው በር የሚደበድብ ጎረቤት ነው። በርህን የሚደበድበውን ሰው ድምፁን ትለያለህ፤ በእንዲህ ያለ ነገር እንደማይቀልድም ታውቃለህ። ፎርዋርድ ግን ማን እንደደበደበው የማይታወቅ በር ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ከታች ያለ ሰው ውሃውን ሲያየው ጊዜው አልፏል። መጠየቅ ያለበት ላይኛው ነው። ባቡር ሲንቀሳቀስ የሚቀጥለው ጣቢያ መስመሩ ነፃ ነው ብሎ እስኪመልስ ይጠበቅ ነበር፤ መልስ ከሌለ አይነሳም። ከግሩፕህ አባላት ወንድሙ፣ አማቱ፣ የእርሻ ማሳው ላይ በደጋው፣ በደንገጎ በኩል ያለ ሰው አይጠፋም። አሁኑኑ፣ በበጋው፣ ስልካቸውን ያዝ። ሌሊት ሰው ሲጽፍ ያንን ሰው ደውለህ "ዘንቧል ወይ? ከስንት ሰዓት ጀምሮ?" በለው። ከዘነበ ውሃው መንገድ ላይ ነው፤ አትጠራጠር፣ ሰው ይውጣ። ካልዘነበም ታረጋጋለህ።


ደቻቱ ዳር፦

ጋሼ፣ ይሄን በምን ልክፈልዎት። ከላይ ያለ ሰው መያዝ እንዴት እስከዛሬ ማንም አላነሳውም? አሁኑኑ ግሩፑ ላይ እጠይቃለሁ።


ኮድ ጸሐፊው፦

የቴሌግራሙን በኩል ልናገር፤ ብዙ አድሚን እጁ ላይ ያለውን መሣሪያ አያውቀውም።

ስሎው ሞድ አለ። አንድ አባል በየስንት ጊዜው አንዴ ብቻ እንዲጽፍ ትወስናለህ፤ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት ይሄዳል። እንደዚያ ባለ ሌሊት ግሩፑን ከመዝጋት 5 ደቂቃ ላይ ማድረግ ይሻላል። ያቺ እናት መጠየቅ ትችላለች፤ አንድ ሰው ግን አሥር ፎርዋርድ አከታትሎ መጫን አይችልም። ፎቶና ቪዲዮ ለጊዜው ለአባላት ዘግቶ ጽሑፍና ቮይስ ክፍት መተውም ይቻላል።

ቅርብ ጊዜ የተደረጉ ድርጊቶች የሚለውን መዝገብም ክፈቱት። ያለፉት 48 ሰዓታት ውስጥ የትኛው አድሚን ምን እንዳጠፋ፣ ማንን እንዳገደ ይታያል። የጠፋው መልእክት ራሱ እዚያ ይነበባል። አድሚኖች ሲጣሉ "እኔ አላጠፋሁም" የሚባል ነገር አይኖርም። ከ48 ሰዓት በኋላ ግን ይጠፋል፤ ስለዚህ አከራካሪ ነገር ካለ ቶሎ ስክሪንሹት።

ቃል የሚያጣራ ቦትን ግን አትመኑት። በአማርኛ ስድቡን በሀ ብትከለክል በሐና በኀ ይጽፉታል፤ በሰ ስትከለክል በሠ። ፊደል መሀል ነጥብ ያስገባሉ፣ በላቲን ይጽፉታል። ቮይስን ደግሞ ቦቱ ከነጭራሹ አይሰማም። የሃምስተር ኮምባት (የቴሌግራሙ ጨዋታ) ሊንክ ግሩፑን ሁሉ ባጥለቀለቀበት ሰሞን ቦት ጠቅሞኛል፤ ለሊንክ ጥሩ ነው። ለሰው ነገር ሰው ነው የሚያስፈልገው።


ገንደቆሬ፦

አቦ እዚህ ላይ ልግባ። የሁላችሁም ንግግር ግሩፑ በአማርኛ ብቻ እንደሚያወራ ነው። ድሬ ናት እኮ! እኛ ጋ አንዱ በአማርኛ ይጀምራል፣ ሌላው በኦሮምኛ ይመልስለታል፣ ሦስተኛው በሶማሊኛ ቮይስ ይልካል፤ ሁሉም ተግባብቶ ይሄዳል። የማይግባባው አድሚኑ ብቻ ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። በሌላ ግሩፕ አንድ ሽማግሌ በሶማሊኛ ረዘም ያለ ቮይስ ላኩ። አድሚኑ ሶማሊኛ አይሰማም። ከስር አንድ ሰው "ምን እያለ ነው፣ እየሰደበን ነው" አለ። አድሚኑ ቮይሱን አጠፋ፣ ሰውየውንም ለሳምንት አፋቸውን ዘጋው። ሽማግሌው ያሉት ግን የጠፋች ግመል ነበር። ቀለሟን፣ ጆሮዋ ላይ ያለውን ምልክት፣ ከየት በኩል እንደሄደች ነው ሲያስረዱ የነበሩት። ልጃቸው በማግስቱ መጥቶ "አባቴን ምን አድርጎ ነው?" ሲል የሚመልስለት ጠፋ። ከዚያ ቤተሰቡ ሁሉ ወጣ፣ ጎረቤቱም ተከትሎ ወጣ። አሁን ያ ግሩፕ የአንድ ቋንቋ ግሩፕ ነው። ማንም አላባረራቸውም፤ ግን ተባረሩ።

አራት አድሚን ካለህ አራቱም አንድ ቋንቋ የሚሰሙ አይሁኑ። ያልገባህን ቮይስ ደግሞ አታጥፋ፣ ለሚሰማው ሰው ላክለት። ይህችን ብቻ አድርጉ።


መጋላ24፦

እኔ አድሚን አይደለሁም። ከተጠፋባቸው ወገን ነኝ፤ የኛም ይሰማ።

አንድ ግሩፕ ላይ የውሃ ቦቴ በአንድ ሰፈር ሦስት ጊዜ ተመላልሶ በሌላው ጭራሽ አለመድረሱን ጻፍኩ። ያየሁትን ነው፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተሰለፈውን ጀሪካን በፎቶ ጭምር አስቀመጥኩ። ሳልሳደብ፣ ብሔር ሳልጠራ። ጠዋት ስነሳ የለም። ለምን እንደተነሳ አንድ ቃል የነገረኝ የለም። ውስጥ መስመር ጻፍኩ፤ ታይቷል፣ መልስ የለም። በሦስተኛው ቀን እኔም የለሁም፤ ወጥቻለሁ ማለት አይደለም፣ አውጥተውኛል።

ከዚያ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ? "አድሚኑ የነሱ ሰው ነው"፣ "ተከፍሎት ነው"። እውነት ላይሆን ይችላል። ምናልባት ረብሻ ፈርቶ ነው። ግን ምክንያት ሳይነገር ሲጠፋ ባዶውን ቦታ ሰው በክፉው ይሞላዋል። አንድ መስመር ብቻ ቢጽፍልኝ፣ "የቦቴውን ታርጋ አንሳና መልሰህ ለጥፈው" ቢለኝ፣ አደርገው ነበር።

ደቻቱ ዳር፣ የመጀመሪያውን መልእክት እንዳላነሳኸው የጻፍከውን ሳነብ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ያ ልጅ ውሸታም ተብሎ በሌሊት ቢባረር፣ በሚቀጥለው እውነተኛ ጎርፍ ቢያይ አይጽፍም።


ደቻቱ ዳር፦

መጋላ፣ ልክ ነህ። እኛ ጋ ያለው ልማድ የሚጠፋ ነገር ካለ ከስር "ይህ የተነሳው በዚህ ምክንያት ነው" ብሎ አድሚኑ መጻፍ ነው፤ የጸሐፊውን ስም ሳይጠሩ። ሥራ ያበዛል፣ በቀን ብዙ ጊዜ ትጽፈዋለህ፣ ግን ጭቅጭቁ ከግማሽ በላይ ቀንሶልናል።


ሎሚ ሽታ፦

አጭር ነው። ሴት ግሩፑ ላይ "የሚከራይ አንድ ክፍል አለ ወይ" ብላ ስትጠይቅ ግሩፑ ላይ የሚመልስላት አንድ ሁለት ነው፤ ውስጥ መስመር የሚመጣው ግን ስለ ቤት አይደለም። አድሚን ያንን አያይም፣ ሊያጠፋውም አይችልም። ስለዚህ ብዙዎቻችን ዝም ብለን እናነባለን እንጂ አንጽፍም፤ አድሚኖች ደግሞ "ሴቶች አይሳተፉም" ይሉናል። የአባላት ዝርዝር እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል፣ አድርጉት። ስክሪንሹት ይዛ የምትመጣን ልጅ ደግሞ "ዝም በይው፣ ይተዋል" አትበሏት፤ ሰውየውን አስወጡት።


ኮድ ጸሐፊው፦

ሎሚ ሽታ ያለችው ትክክል ነው፣ ከመቶ አባል በላይ ባለው ግሩፕ ዝርዝሩን መደበቅ ይቻላል። እህቶች በየግላችሁ ደግሞ ስልክ ቁጥራችሁን "ማንም አያይም" ላይ አድርጉት።


እናት ሳቢያን፦

እኔ የማነሳው ስለ መርዶ ነው። አድሚኖች እባካችሁ ይሄን እስከመጨረሻው አንብቡት።

በሀገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ በድንገት አይሰማም። ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፤ ማን ይንገር፣ በስንት ሰዓት፣ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ካለባት ማን አጠገቧ ይቁም። ንጋት ላይ፣ ሰው ሁሉ ሳይበተን፣ የምትወዳቸው ጎረቤቶች ተሰብስበው ይገባሉ። ስትወድቅ የሚይዛት ክንድ ይኖራል። ይህ ሁሉ የተሠራው ሰው በሐዘን ብዛት እንዳይሞት ነው።

የጎረቤቴ ልጅ በደንገጎ ቁልቁለት የመኪና አደጋ ሞተ። ከሰዓት በኋላ ነበር። እኛ ገና ማን ለእናቱ ይንገር እያልን በሰው ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ አንድ ሰው ፎቶውን ግሩፕ ላይ ለጥፎታል። የተገለበጠው መኪና፣ መሬት ላይ የተኛው ልጅ፣ ፊቱ አልተሸፈነም። ከስሩ "ነፍስ ይማር፣ ሼር አድርጉ ቤተሰቡ እንዲያውቅ"። ክፋት አልነበረውም፤ ቤተሰብ እንዲገኝ ብሎ ነው። እናቱ ግን ቡና እያፈላች ስልኳን አነሳች። ረከቦቱ ላይ ነው የወደቀችው፤ እጇ ላይ የፈላ ጀበና ፈሶባት ቃጠሎው እስከዛሬ ይታያል። ብቻዋን ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ለምጽፍበት ግሩፕ ሁሉ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የሞተ ወይም የቆሰለ ሰው ፎቶ በጭራሽ አይለጠፍ፤ ፊቱ ቢሸፈንም። ልብስ ይታወቃል፣ ጫማ ይታወቃል፣ እናት ልጇን በተረከዙ ትለየዋለች። ቤተሰብ ፍለጋ ከሆነ የመኪናውን ዓይነትና ቦታውን ጽፈህ "ዘመዶች ለአድሚን ደውሉ" በል። ስም የሚጻፈው መርዶው ተነግሯል ብሎ የቤተሰብ ሰው ለአድሚን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። ይሄን ለማጥፋት ደግሞ ስብሰባ አያስፈልግም፤ ያየ አድሚን ወዲያው ያንሳ፣ ምክንያቱን በኋላ ይጻፍ።

ቀልጣፋ ነን ብለን ነው እንጂ፣ እንዲህ ያለ ዜና ለአንድ ሌሊት ቢዘገይ የሚጎዳው ሰው የለም።


ሹምንደፈር፦

እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ፤ ጎረቤትሽንም። ይህ የግሩፕ ደንብ ብቻ ሳይሆን የእድርም ደንብ መሆን ይገባዋል።


ነጭ ጋውን፦

ከጤናው በኩል። በ2011 ክረምት ድሬን ቺኩንጉንያ ሲመታት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታሟል፤ ታስታውሱታላችሁ፣ ወገቡን ይዞ ያልሄደ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜም፣ ከዚያ ወዲህ ደንጊ በተነሳ ቁጥርም፣ ግሩፖች ላይ የሚዞረው ምክር "የመገጣጠሚያ ሕመሙን ይሄ ያጠፋዋል" የሚል የመድኃኒት ስም ነው። ችግሩ ሁለቱ በሽታዎች ሲጀምሩ ይመሳሰላሉ። ደንጊ ደም የማፍሰስ አደጋ አለው፤ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ያንን ያባብሳሉ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ነው የሚታዘዘው፤ ደንጊ አለመሆኑ በምርመራ እስኪለይ ድረስ።

አድሚን ይህን ሁሉ ማወቅ አይጠበቅበትም። ግን አንድ ደንብ ይኑር፤ ማንም ሰው ለሌላ ሰው የመድኃኒት ስምና መጠን በግሩፕ አያዝም። "እኔን የረዳኝ ይሄ ነው" ብሎ የጻፈን ሰው አትስደቡት፣ አታባርሩት፤ አብዛኛው ሰው በቅንነት ነው። መልእክቱን አንሱና ጤና ጣቢያ ሂዱ የሚለውን በቦታው አድርጉ። የወረርሽኝ ሰሞን ከሆነ የጤና ባለሙያ አባሎቻችሁን ፈልጋችሁ አንዱን ረዳት አድርጉት። እያንዳንዱ ሰፈር ውስጥ ነርስ አለች፤ ጠይቁን፣ እምቢ አንልም።

ለእናት ሳቢያን ጽሑፍ አንድ ልጨምር። ያንን ፎቶ ለማጥፋት መጀመሪያ የሚያየው አድሚኑ ነው። ናይሮቢ ተቀምጠው ለፌስቡክ ይዘት ሲመረምሩ የነበሩ ሠራተኞች ከ2014 ጀምሮ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ፍርድ ቤት አቁመውታል። የደምና የግድያ ምስል ሲያዩ መዋላቸው ጤናቸውን እንደጎዳው ተናግረዋል። እነሱ ደመወዝ ነበራቸው። የሰፈር አድሚን በነፃ፣ በሌሊት፣ የሚያውቀውን ሰው ሬሳ ነው የሚያየው። ፈረቃ ይኑራችሁ፤ ከባድ ነገር ያየ ሰው በማግስቱ ይረፍ።


ታይዋን ሞባይል፦

እኛ ነጋዴዎች ሁሌ እንደ ቆሻሻ ነው የምንጠረገው። የሰፈሩ ሰው እኮ ከኛ ነው የሚገዛው። ለማስታወቂያ አንድ ቀን ስጡን፣ ዋጋ ያልጻፈውን አጥፉት፣ በቃ እንስማማለን።


የአዋጅ ሰው፦

በሕግ ሙያ ላይ ነኝ፤ ይህ ግን የግል ምክር አይደለም፣ ጠቅላላ ዕውቀት ነው።

የሚመለከተን የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ሲሆን እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ደቻቱ ዳር፣ አምስት ሺህ ልንሞላ ነው ስላልክ ነው የምጽፈው። አዋጁ የሚለው "ተከታይ" ነው፤ የግሩፕ አባል ተከታይ ነው ወይ የሚለው ክርክር ያስነሳል፤ እኔ ግን ክርክሩን በራስህ ላይ እንድትሞክረው አልመክርህም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጥፋት የሚሆነው ሰውየው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ እየተገባው ሲያሰራጭ፣ መረጃውም ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ ሲሆን ነው። "ጎርፍ መጣ ሲሉ ሰማሁ፣ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ያየ ካለ ይንገረን" ያለ ሰውና "ግንቡን ሆን ብለው እነ እንትና አፈረሱት" ያለ ሰው አንድ አይደሉም። ሁለተኛ፣ ላይክና ታግ ማድረግ ማሰራጨት እንደማይባል አዋጁ ራሱ ለይቶ ጽፏል፤ ፎርዋርድን ግን ከዚህ ውስጥ አልጨመረውም። ስለዚህ አባሎቻችሁን "ፎርዋርድ ብቻ ነው ያደረግኩት" የሚለው እንደማያድን ንገሯቸው።


መጋላ24፦

የአዋጅ ሰው፣ አመሰግናለሁ። ግን ይሄን ያነበበ አድሚን ነገ ተነስቶ ያልገባውን ሁሉ ነው የሚያጠፋው። ፍርሃት ራሱ አፍ ይዘጋል።


የአዋጅ ሰው፦

እሱ እውነት ነው፣ እኔም የሚያሳስበኝ ነገር ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ነጥብ ያሰፋሁት፤ ያየኸውን በቀንና በቦታ መናገር፣ አገልግሎት አልደረሰንም ማለት፣ መጠየቅ፣ ከዚህ አዋጅ ጋር አይገናኝም። የአንተ የውሃ ቦቴ ጽሑፍ በምንም መልኩ ሐሰተኛ መረጃ አይባልም።


ጁገል ውስጥ፦

ከሐረር ነኝ። የኛ ግሩፕ የአፎቻችን ነው፤ ለሠርግና ለሐዘን የሚሰበሰበው ያው የጥንቱ አፎቻ፣ አሁን በስልክ። ጸብ ሲነሳ አድሚኑ አይፈርድም። መልእክቱን ያነሳና ነገሩን ለአፎቻው ትልልቅ ሰዎች ይሰጣል፤ ሁለቱ ሰዎች በአካል ተገናኝተው፣ ፊት ለፊት ይነጋገራሉ። በስልክ አንበሳ የነበረው ሰው የአባቱ ጓደኛ ፊት ሲቀመጥ ድምፁ ይለሰልሳል።

ሁሉም አልጋ በአልጋ ነው ማለቴ አይደለም። ሁሉ የሚተዋወቅበት ስለሆነ ወጣቱ የልቡን አይጽፍም፤ አጎቱ ያነበዋላ። ሴቶቹ ከጥንትም የራሳቸው አፎቻ አላቸው፣ ግሩፕም የራሳቸውን ከፍተዋል፤ እዚያ ነው ነፃ ሆነው የሚያወሩት። ስለዚህ ይሄ ሥርዓት ለአምስት ሺህ ሰው ይሠራል አልልም። ግን አምስት ሺህ ሰው ውስጥም እድር አለ፣ ቀበሌ አለ፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አለ። አድሚኑ ብቻውን ዳኛ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ደግሞ ቴሌግራም ሁልጊዜ አለ ብላችሁ አትቁጠሩ። በሰኔ 2012 ኢንተርኔት ለሳምንታት ጠፍቶ ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ደግሞ ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን አልከፍት ብሎ ከረመ። በዚያ ጊዜ ቪፒኤን ያለው ወጣት ሲያወራ ትልልቁ ሰው ምንም አይሰማም ነበር። ለጎርፉ ጉዳይ የስልክ ሰንሰለት ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ ለአምስት፣ አምስቱ ለአምስት አምስት የሚደውል፣ በወረቀት የተጻፈ። እያንዳንዱ መስጊድ አጠገብ የሚኖር አንድ ሰውም ይኑራችሁ፤ ሌሊት ድምፅ ማጉያ ከየትኛውም ኔትወርክ ይቀድማል።


ገንደቆሬ፦

አድሚኖች ስማቸውን ይግለጹ ወይስ ይደብቁ? ቴሌግራም በግሩፑ ስም ተደብቆ መጻፍ ይፈቅዳል። እኔ መታወቅ አለባቸው ባይ ነኝ፤ ማን እንዳጠፋብኝ ልወቅ።


ሎሚ ሽታ፦

እኔ አልስማማም። አድሚኗ ሴት ብትሆንስ? አንድ ሰው አስወጥታ ማታ በዚያው መንገድ ነው ወደ ቤቷ የምትሄደው። አድሚኖቹ እነማን እንደሆኑ እርስ በርስ ይተዋወቁ፣ ሽማግሌዎቹም ይወቁ፤ ለአምስት ሺህ ሰው ግን የግድ አይደለም።


ደቻቱ ዳር፦

በዚህ ሎሚ ሽታ ያለችውን እወስዳለሁ። እኔ ራሴ ስለምታወቅ አንድ ዘመዴን ባስወጣሁ ጊዜ ነገሩ ለቅሶ ቤት ድረስ ተከትሎኛል፤ በሌላ ሰው ላይ እንዲደርስ አልፈልግም። ግን ተደብቆ ያጠፋ አድሚን ምክንያቱን ሁልጊዜ ይጻፍ፤ መዝገቡንም በየሁለት ቀኑ ሌላ አድሚን ይየው።

የጋሼን ምክር ግሩፑ ላይ ከለጠፍኩ በኋላ በደንገጎ በኩል ዘመድ ያላቸው ብዙ ሰዎች ጽፈውልኛል። ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሰው እየለየሁ ነው። ነርስም አግኝተናል። የመርዶውን ደንብ እናት ሳቢያን በጻፈችው ቃል እንዳለ መጀመሪያ ላይ አደርገዋለሁ፤ ብትፈቅድልኝ። የቀረኝ ደንቡ በኦሮምኛና በሶማሊኛ መውጣቱ ነው። ኦሮምኛውን አንድ የግሩፑ አባል ይዞታል።


እናት ሳቢያን፦

ፈቅጃለሁ። ስለ ጎረቤቴ የጻፍኩትን ግን አውጣው፤ ደንቡን ብቻ። ሴት ልጇ ግሩፑ ውስጥ ልትኖር ትችላለች።


ደቻቱ ዳር፦

እሺ፣ እንዳልሽ።


ገንደቆሬ፦

ሶማሊኛውን ለእኔ ላከው፣ እስከ እሁድ ይደርሳል። ግን በጽሑፍ ብቻ አይሁን፤ የኛ እናቶች አብዛኞቹ ቮይስ ነው የሚያዳምጡት። እህቴ ድምጿ ጥሩ ነው፣ እሷ ታንብበዋለች። የጎርፉን ክፍል ብቻዋን በአጭር ቮይስ ለይተን እናድርገው፤ ሌሊት ደቂቃ ሙሉ ደንብ የሚያዳምጥ ሰው የለም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከሌሊቱ ስድስት እስከ ዘጠኝ ያለውን ፈረቃ እኔ እይዛለሁ፤ ዳቦ ቤት ስለምሠራ በዚያ ሰዓት ንቁ ነኝ።